ስለ ጥቁር ክቦቹና ስለታሰረው ፖስታ፤ ለአካባቢያችን የጸጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ለክቡር የጸጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት፤ ዱላዎም ባለበት

ጉዳዩ፦ ለተደረገልን እንክብካቤ ሁሉ ምስጋና ስለማቅረብና ኤግዚቢት ቁጥር ዘጠኝ እንዲመለስልን ስለመለመን

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ደም ግፊትዎ ልክ፣ እንቅልፍዎ ድፍን፣ የምግብ ፍላጎትዎም እንደ ሥልጣንዎ ሰፊ ይሁን ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለአሥሩም ጣቶችዎ ጤና እመኛለሁ። የጣትን ዋጋ ያወቅሁት በቅርቡ፣ ያውም በጽሕፈት ቤትዎ ቸርነት ስለሆነ፣ ይህን ምኞቴን እንደ ተራ የደብዳቤ መክፈቻ እንዳያዩብኝ አደራ እላለሁ። ፊደሉ ተንጋዶ ቢያገኙትም ይቅርታዎን እለምናለሁ። የምጽፈው በግራ እጄ ነው፤ ቀኙ ጄሶ ውስጥ አርፏል።

ማንነቴን ለማጣራት እንዳይደክሙ እኔው ልናገር። ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቅ ታፔላ የምጽፈው ሰው ነኝ። በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ «በትሕትና እናገለግላለን» የሚለውን ታፔላ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ያኔ «ትሕትና» የሚለውን ቃል በትልቁ እንድጽፈው አዝዘውኝ ነበር፤ ሳስበው ቦታው ስላልበቃ ይሆናል ወደ ውስጥ ሳይገባ በር ላይ የቀረው።

ከሱቄ በላይ፣ ከዳቦ ቤቱ ጣሪያ ሥር፣ አሥራ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች የሚይዝ አንድ ክፍል አለ። ሁልጊዜ ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በዚያ ክፍል በዘር የሚተላለፍ ካንሰር የሚያሰጋቸው ሰዎች ይሰበሰባሉ። ማኅበሩን ያቋቋመችው ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። ለትርፍ አይደለም፤ ለስሟም አይደለም። እናቱን፣ አክስቱንና እህቱን በተራ የቀበረ ሰው «እኔስ?» የሚል ጥያቄ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎበት ሲኖር የሚጠይቀው ሰው እንዲያገኝ ነው። ዘር ከልጓም ይስባል ይባል የለ? የእኛ ዘር ወዴት እንደሚስበን ማወቅ ነው የፈለግነው፤ ከተቻለም ሳይቃጠል በቅጠል ለማለት።

እኔ እዚያ ክፍል የገባሁት እንደ ታፔላ ጻፊ ብቻ አይደለም። እናቴ በአርባ አንድ ዓመቷ በጡት ካንሰር ሞተች። ታላቅ እህቴ በሠላሳ ሰባት ዓመቷ ተከተለቻት፤ ሕመሙ ከመገኘቱ ስድስት ወር በፊት ተመርምራ ምንም የለብሽም ተብላ ነበር። የቀረችኝ አንዲት ታናሽ እህት ናት። የሒሳብ መምህርት ስለሆነች ዓመት መቁጠር አይሳናትም፤ በዚህ ዓመት ሠላሳ አምስት ይሞላታል። ይህ ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች ስለ እሷ ነው፤ ሌላው ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ነው።

አሁን በአክብሮት ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፦ ያልተቆለፈውን በር ስለሰበሩልን እናመሰግናለን። ያን ሐሙስ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የጽሕፈት ቤትዎ ሰዎች በራችንን በጫማ ሲደበድቡ፣ ሲስተር ከውስጥ ሆና «ልጆቼ፣ ክፍት ነው፣ ግቡ» ብላ ነበር። ልጆቿ ግን ክፍት በር የሚገፋው ተራ ሰው ነው ብለው ነው መሰለኝ፣ ማጠፊያውን ከነግንዱ ነቅለው በሩን በላይዋ ላይ ጣሉት። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ከበሩ ሥር ስትወጣ ግንባሯ ተሰንጥቆ ደሟ መነጽሯ ላይ ይፈስ ነበር፤ እሷም ደሙን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ከመካከላችን የተጎዳ ሰው እንዳለ ጠየቀችን።

ሁለተኛ፦ ስለ ጥቁር ክቦቹ። እዚህ ላይ ለክቡርነትዎ ትንሽ ትምህርት ብሰጥ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ስድስት ቀን ሙሉ ለመርማሪዎችዎ በቃል ሳስረዳ ከርሜ ስላልገባቸው በጽሑፍ መሞከሬ ነው።

ሲስተር ለመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምታደርገው የቤተሰቡን የዘር ሐረግ በሥዕል ማስቀመጥ ነው። ሴት ክብ ናት፤ ወንድ አራት ማዕዘን ነው። በካንሰር የታመመ ይጠቁራል። የሞተ በሰያፍ መስመር ይሰረዛል። መጀመሪያ ወደ ማኅበሩ የመጣው ሰው ጎን ትንሽ ቀስት ይደረጋል። ስም አይጻፍም፤ የልደት ዓመት ብቻ ነው የሚጻፈው። ይህ የማኅበሩ የመጀመሪያው ሕግ ነው፤ የሰው ሕመም የባለቤቱ ሚስጥር ነውና ሥዕሉ የማን እንደሆነ ከባለቤቱ ፈቃድ ውጪ ለማንም አይነገርም። እጄ ስለማይንቀጠቀጥ ሥዕሎቹን በትልቅ ካርቶን ላይ የምሥላቸው እኔ ነበርኩ። እናቴን አጥቁሬ የሰረዝኩት በገዛ ብሩሼ ነው፤ ታላቅ እህቴንም እንደዚሁ። የራሴን አራት ማዕዘን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶውን ትቼዋለሁ። አልተመረመርኩም። እፈራለሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ከሥዕሎቹ አንዱን ለማሳነስ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድኩት። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰው፣ ስም የሌላቸው ሰዎች ከነልደት ዓመታቸው ተደርድረው፣ ግማሾቹ ጠቁረው፣ ግማሾቹ ተሰርዘው፣ አንዷ ላይ ደግሞ ቀስት ተነጣጥሮ ሲያይ፣ የሚገደሉ ሰዎች ዝርዝር ነው ብሎ ወደ እርስዎ ሮጠ። እሱን አልወቅሰውም፤ ፈሪ ሰው ነው፤ ቀለም ሲያልቅበት እንኳ ይደነግጣል። እርስዎ ግን የሚፈራበት ሳይሆን የሚጣራበት ወንበር ላይ የተቀመጡ ነዎት። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ ይባላል፤ ክቡርነትዎ ሳያጣሩ ጎፈሬውን አበጥረው፣ አሥራ አራት ሰው ከነዱላው ላኩብን።

ሦስተኛ፦ በጨርቅ ስለተሰፉት ስድስት ጡቶች። እነዚህን የሰፋቻቸው ታናሽ እህቴ ናት። ውስጣቸው ጥጥ አለ፤ በጥጡ መሀል ሽምብራ የምታክል ዶቃ ተደብቃለች። ሴቶች በጣታቸው እየዳሰሱ ዶቃዋን እንዲፈልጉ፣ ቤታቸው ሲገቡም በራሳቸው ሰውነት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢያገኙ እንዲያውቁት ነው። ሰዎችዎ አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው እየሳቁ በጩቤ ቀደዷቸው። እህቴ ግድግዳ ላይ ተደግፋ ስድስቱም ሲቀደዱ ቆማ አየች። ስድስት ዶቃዎች በፕላስቲክ ከረጢት ታሽገው «ምንነቱ ያልታወቀ ጥይት መሰል ነገር» ተብለው ተመዝግበዋል። ይህን ቀልድ ነው ብዬ ለሰው ስናገር የሚስቅ አላገኘሁም፤ እኔም አልሳቅሁም። ጡት በስለት ሲከፈት ማየት ለቤተሰባችን አዲስ ነገር አይደለም፤ በሳቅ ሲከፈት ማየት ግን አዲስ ነው።

አራተኛ፦ ለሹፌሩ ጥርሶች። ይህ ሰው የታክሲ ሹፌር ነው፤ ያን ቀን ማኅበሩ ውስጥ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። እናቱንና ሁለት አክስቶቹን አጥቷል፤ ሁለት ሴት ልጆች አሉት። በሩ ከመሰበሩ በፊት እጁን አውጥቶ፣ ይህ የሴት በሽታ ነው ሲባል ሰምቻለሁና ወንድ ልጅ ከእናቱ ወስዶ ለልጆቹ ሊያስተላልፍ ይችላል ወይ ብሎ መጠየቁ ነበር። መልሱን የሰጠው ከሰዎችዎ አንዱ ነው፤ በሰደፍ። የፊት ሁለት ጥርሶቹ ወለሉ ላይ ወደቁ፤ አንዱ ወንበር ሥር ገባ፤ እሱም ተንበርክኮ ሊያነሳው ሲል ጀርባውን ረገጡት። አምስት ስድስት ጊዜ ረገጡት፤ ሰው ጀርባ ሲረገጥ የሚወጣውን ድምፅ ለክቡርነትዎ በፊደል ማስቀመጥ ባለመቻሌ አዝናለሁ።

ለሹፌሩ ጥያቄ ትክክለኛው መልስ «አዎ» ነው። ወንድ ራሱ ሳይታመም ይሸከመዋል፤ ለልጁም ያወርሰዋል፤ ከወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፉ ዕድል እኩል በእኩል ነው፤ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር እንዲሉ አንዱ ይወስዳል፣ አንዱ ይተርፋል። የወሰደ ሁሉም አይታመምም፤ ቀድሞ ያወቀ ደግሞ ብዙ ማድረግ ይችላል። ሲስተር ይህንን ለሹፌሩ የነገረችው እስር ቤት ውስጥ፣ ደሙን እየተፋ ነው። መልሱን ፊት ለፊት ለመስማት ሁለት ጥርስ የከፈለ ተማሪ አስተምሬ አላውቅም ብላለች።

አምስተኛ፦ ለቀኝ እጄ። በዚያች ሰዓት አንድ የቤተሰብ ሥዕል በሁለት እጄ ይዤ ነበር። ከሰዎችዎ መካከል ረጅሙ መርማሪ ጣለው ብሎ ጮኸብኝ። እኔም በሙያዬ ስለደነዘዝኩ፣ ጌታዬ ቀለሙ አልደረቀም አልኩት። እውነት ነው አልደረቀም ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ያልደረቀ ቀለም ጥዬ አላውቅም። እጄን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደግፎ በዱላው ሦስቴ መታው። መጀመሪያ የተሰበረው የመሀል ጣቴ ነው፤ ሁለተኛው ምት ጠቋሚውን ወሰደ፤ ሦስተኛው ላይ አውራ ጣቴ ወደማይታጠፍበት ታጠፈ። ሥዕሉ ወድቆ ቀለሙ ተበላሸ። በሙያችን ይህ ነውር ነው።

እውነት ለመናገር ከተፈታሁ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ሱቄ ውስጥ አምስት ሊትር ቀለም ማቅጠኛ አለ። የጽሕፈት ቤትዎን በር እኔው ስለቀባሁት ምን ያህል ቶሎ እንደሚነድ ከማንም በላይ አውቃለሁ። የረጅሙን መርማሪ ጣቶች በምን ቅደም ተከተል እንደምሰብርም አውጥቼ አውርጄ ጨርሼ ነበር፤ ከትንሿ ጣት ነበር የምጀምረው። ደግነቱ ክብሪት የሚጫረው በሁለት እጅ ነው፤ ለዚህም ቢሆን ያው ጽሕፈት ቤትዎን ማመስገን ይገባኛል።

ስድስተኛ፦ ለምርመራው። መርማሪዎችዎ ሲስተርን በጥቁር ክቦቹ ላይ ጣታቸውን እየጫኑ እነዚህን ሁሉ ማን ገደላቸው ብለው ጠየቋት። ካንሰር አለቻቸው። በጥፊ መቷት፤ በመዝገቡም ላይ «ተጠርጣሪዋ ለማላገጥ ሞክራለች» ተብሎ ሰፈረ። ክቡርነትዎ፣ ገዳዩን ለመያዝ ቆርጠው ከተነሱ አድራሻውን በደስታ እንሰጥዎታለን። የሚኖረው ደማችን ውስጥ ነው፤ ሰዎችዎም ያን ሳምንት ከደማችን ብዙ ስላፈሰሱ ምናልባት በወለሉ ላይ አልፎ ይሆናል።

እኔን ደግሞ በአንዲት ወረቀት ምክንያት ደጋግመው መቱኝ፤ ኤግዚቢት ቁጥር አራት የተባለችው ሥዕል ናት። የማን ቤተሰብ ነው፣ እዚህ ጋ ያለው አራት ማዕዘን ማነው እያሉ ውስጥ እግሬን ገረፉኝ። አልተናገርኩም። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ በሦስተኛው ቀን የእናቴን ስም ቢጠይቁኝ የጎረቤቴን እናት ስም እሰጣቸው ነበር። ግን የማኅበሩ ሕግ ነው፤ ያች ሴት ሥዕሉን ያሠራችኝ አምናኝ ነው። ወደዚህች ወረቀት በስተመጨረሻ እመለሳለሁ።

ሰባተኛ። ይህን ቁጥር ከሌሎቹ ጋር መደርደር አልፈለግሁም ነበር፤ ግን ክቡርነትዎ መዝገብ ስለሚወዱ ተራውን ጠብቆ ይግባ።

ከአምስት ወር በፊት የታናሽ እህቴ ደም፣ የሚወረሰው የካንሰር ዘር አለባት ወይ ተብሎ እንዲመረመር፣ ሩቅ አገር ወዳለ ላቦራቶሪ ተልኮ ነበር። ውጤቱ የመጣው በዚያው ሐሙስ ጠዋት፣ በታሸገ ቢጫ ፖስታ ነው። በማኅበሩ ሁለተኛ ሕግ ማንም ሰው ውጤቱን ብቻውን አይከፍትም። ባለቤቱ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሲስተር በአንድ በኩል፣ እሱ የመረጠው ሰው በሌላው በኩል ይቀመጣሉ፤ እጁን ይይዙታል፤ ከዚያ ይከፈታል። እህቴ የመረጠችው እኔን ነበር። ሰዓቱም ዘጠኝ ተኩል ተብሎ ተቀጥሯል። ሰዎችዎ የደረሱት ከአንድ ሰዓት በፊት ነው።

በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ኮሪደሩ ውስጥ ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረው አቆሙን። ረጅሙ መርማሪ ፖስታውን ይዞ መጣ፤ በጥርሱ ቀደደው። ሚስጥራዊ መልእክት ያገኘ መስሎት፣ ዘቦቹ፣ እስረኞቹና ጽዳት ሠራተኛዋ እየሰሙ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ቃላቱ የባዕድ ስለሆኑ አንደበቱን ይጠልፉት ነበር፤ እየወደቀ እየተነሳ አነበበ። ከዚያ ይህ ቁጥር የምን ምልክት ነው፣ ለማን ነው የተላከው ብሎ የእህቴን ፀጉር ጨምድዶ ጭንቅላቷን ከግድግዳው ጋር አጋጨው። እሷ ግን፣ ጌታዬ፣ የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ያንብቡልኝ አለችው። አነበበላት።

አለባት።

ካቴናው ግራ እጄን ከሹፌሩ ቀኝ እጅ ጋር አስሮታል፤ ቀኝ እጄ ተሰብሯል። የምይዝበት እጅ አጣሁ። አምስት ወር ሙሉ የተዘጋጀሁት እጇን ለመያዝ ነበር። አንድ እርምጃ ተጠግቼ ትከሻዬን ትከሻዋ ላይ አሳረፍኩ፤ ተነቃነቅህ ተብዬ አንገቴን በዱላ ተመታሁ፤ ወደቅሁ፤ ሹፌሩንም ይዤው ወደቅሁ። እሷ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆማ ቀረች፤ ከግንባሯ የወጣው ደም ነጩ ቀለም ላይ መስመር ሠርቶ ወረደ። ያንን ግድግዳም ባለፈው ዓመት የቀባሁት እኔ ነኝ።

ተፈትተን ወደ ቤት ስንሄድ፣ የሰውየው ንባብ ደካማ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል ቢሆን አላሳልፈውም ነበር፣ ነጥቧን እንኳ ዘለላት አለች። ከዚያ መንገዱ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች። ባልተሰበረችው እጄ ያኔ ያዝኳት።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ምስጋናዬን ጨርሻለሁና ወደ ልመናዬ ልለፍ።

በስድስተኛው ቀን «ለጊዜው» ተባልንና ያለ ክስ ተለቀቅን። ወረቀቶቻችን ግን አልተለቀቁም። ለእህቴ፣ ካንሰሩ ሳይጀምራት ጡቷን የሚያስወግደውን ቀዶ ጥገና የሚሠራላት ሐኪም ወደዚህ የሚመጣው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። የፊታችን ሰኞ ሁለት ሳምንት ይመጣል፤ ለአራት ቀን ይቆያል፤ ይሄዳል። የሆስፒታሉ መዝገብ ያዥ ዋናውን የውጤት ወረቀት ካላየሁ አልጋ አልመዘግብም ብላለች። ዋናው ወረቀት ኤግዚቢት ቁጥር ዘጠኝ ነው። ላቦራቶሪው ሌላ ቅጂ እንዲልክልን ጠየቅን፤ በማኅበሩ ማኅተም ጻፉ አሉን። የማኅበሩ ማኅተም ኤግዚቢት ቁጥር አሥራ አንድ ነው። ማኅተሙ ይለቀቅልን ብለን ለጽሕፈት ቤትዎ አመለከትን፤ ማመልከቻው ማኅተም ስለሌለው ተመለሰልን። ይህን ቋጠሮ የቋጠረው ሰው ማን እንደሆነ ቢነግሩኝ ቆቤን አውልቄ እጅ እነሳው ነበር፤ እጁንም ቢሰጠኝ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ።

ለምን ይቸኩላሉ፣ በሚቀጥለው ዙር ትሠራ ይሉ ይሆናል። ጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ ያለው ጸሐፊም ይህንኑ ብሎኛል፤ ስድስት ወር ምን አላት ነው ያለው። ታላቅ እህቴ በስድስት ወር ውስጥ ነው «ምንም የለብሽም» ከመባል «ዘግይተሻል» ወደ መባል የደረሰችው። መጨረሻ ላይ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ፣ አንሶላው ሲነካት እንኳ እንደተገረፈ ሰው ትጮህ ነበር። ሰዎችዎ ሲገርፉኝ የእሷን ጩኸት ከራሴ አፍ ሰማሁት። ጽሕፈት ቤትዎ ያውቀው ዘንድ ነው የምጽፈው፦ የእናንተ ዱላ ይቆማል፤ ሰውየው ይደክመዋል፣ ምሳ ሰዓት ይደርሳል። የዚያኛው ዱላ ምሳ አይወጣም። እኔ ታናሽ እህቴን ከዚያኛው ላተርፍ ነው ከዚህኛው ፊት የቆምኩት።

ስለዚህ ከእግርዎ ሥር ወድቄ የምለምነው አንዲት ቢጫ ፖስታ ናት። በጥርስ መቀደዷ አያሳስበንም፤ የረጅሙ መርማሪ ምራቅ ቢኖርባትም እንጠርገዋለን። የበሩን ማጠፊያ፣ የሹፌሩን ጥርሶች፣ የሲስተርን መነጽርና የእኔን ጣቶች ለመታሰቢያ ያስቀሩልን። ፖስታዋን ግን ከሰኞ ሁለት ሳምንት በፊት ይስጡን። ካልሰጡን ደግሞ ታፔላ ጻፊ ነኝና፣ በግራ እጄም ቢሆን፣ እህቴ የምትሞትበትን ዓመት በትልቁ ጽፌ በጽሕፈት ቤትዎ ፊት ለፊት እሰቅላለሁ፤ ከሥሩም የእርስዎን ማዕረግ ሳላጓድል አሰፍራለሁ።

ሥልጣንዎን ያጽናልዎ፣ ልብዎንም ትንሽ ያላላልዎ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ከወለል ዝቅ ያለ ሰላምታዬን ከአንድ ጤነኛ እጅ ጋር አቀርባለሁ።

በእናቴ ልጆች ረድፍ መሀል ላይ ያለው ባዶ አራት ማዕዘን፣
የአካባቢዎ ታፔላ ጻፊ

ግልባጭ፦
ለሆስፒታሉ መዝገብ ያዥ፣ እንድትታገሠን
ለፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ይህን ደብዳቤ በሁለት መቶ ቅጂ እንዲያባዛልን

ማስታወሻ፦ ስለ ኤግዚቢት ቁጥር አራት እመለሳለሁ ብዬ ነበር። የሥዕሏ ባለቤት፣ ቀስቱ ጎኗ ያለው ሴት፣ ባለፈው ሳምንት ሱቄ መጥታ ጄሶዬን አይታ አለቀሰች፤ ስም ሳልጠራ ይህን ያህል እንድጽፍም ፈቀደችልኝ። ሥዕሉን ከካዝናዎ ያውጡት። ከላይ አንዲት የጠቆረች፣ የተሰረዘች እናት ያገኛሉ፤ ለጎረቤት «በድንገተኛ ሕመም» ተብሎ ነው የተነገረላት። ከሥሯ አራት ልጆች አሏት፤ ቀስት ያላት ታላቂቱ ናት፤ የመጨረሻው ወንድ ነው። ከወንዱ አራት ማዕዘን ሥር የተጻፈውን የልደት ዓመት፣ ከወንበርዎ ጀርባ በመስታወት ተሰቅሎ ከሚታየው የምስክር ወረቀትዎ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩት። ከዚያ ዝቅ ሲሉ ሦስት ትንንሽ ክቦች አሉ፤ ሦስቱም ሴቶች ልጆች ናቸው፤ እስካሁን ነጭ ናቸው፤ ትልቋ በዚህ ዓመት ሃያ ይሞላታል። ረጅሙ መርማሪ በዚያ አራት ማዕዘን ጎን በቀይ እርሳስ «ቀጣይ ዒላማ ሊሆን የሚችል ሰው፤ ማንነቱ በአስቸኳይ ይጣራ» ብሎ ጽፏል። በሥራ ዘመኑ ትክክል የጻፈው ይህንን ብቻ ነው። ውስጥ እግሬ እስኪሰነጠቅ ማንነትዎን ያልተናገርኩልዎ ሰውዬ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እልዎታለሁ። ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ እንገናኛለን፤ እህትዎ ወንበር ይዛልዎታለች። ሲመጡ ፖስታችንን ይዘው ይምጡ፤ በር የለንምና የሚሰብሩት አያገኙም።